ጾመ ነቢያትን በአንድ ማዕድ መጀመር፦ የንስሐ ልጆችን ሰብስቦ ለማዋል የሚያስፈልገው ዝግጅት

የገና ጾም በወሎ የሚገባው ሰው ሁሉ እጁ በሥራ በተያዘበት ሰሞን ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሰፈሩ በቅበላ ይታመሳል፤ ፍልሰታ ሲገባ ሕፃን ሽማግሌው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋል። ጾመ ነቢያት ግን ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ገጠሩ በአጨዳና በውድማ ተጠምዶ ሳለ፣ ከተሜውም በየሥራው ሲራወጥ ቀስ ብሎ ይገባል። በብዙ ቤት ጾሙ መግባቱ የሚታወቀው ወጡ ላይ ቅቤ ሲቀር ብቻ ነው። 44 ቀን እንዲህ በዝምታ ይጀመርና በመጨረሻው ሳምንት "ገና ደረሰ" ሲባል ሁሉም ብድግ ይላል። ነቢያት ናፍቀው የጠበቁት ልደት በኛ ቤት ሳይናፈቅ ይደርሳል ማለት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

መፍትሔው አዲስ ነገር መፍጠርን አይጠይቅም። እያንዳንዱ ምእመን የንስሐ አባት አለው፤ የአንድ ንስሐ አባት ልጆች ደግሞ በሥርዓቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ችግሩ እርስ በርሳቸው አለመተዋወቃቸው ነው። አባ ጸበል ለመርጨት ከቤት ቤት ሲዞሩ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ያገኛቸዋል፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት የንስሐ ወንድሙ መሆኑን የማያውቅ ስንት አለ። እነዚህን ቤተሰቦች በጾሙ መግቢያ አንድ ጠዋት አንድ ማዕድ ላይ ማገናኘት የጾሙን መልክ ይለውጠዋል። የጠቅላላው ደብር ጉባኤ ይህን አይሠራም፤ ሕዝብ ሲበዛ ሰው ተመልካች ይሆናል። ከ20 እስከ 30 ቤተሰብ ልኩ ነው።

መጀመሪያ ቀኑ

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ልደት ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ጾሙም ኅዳር 14 ይጀመራል። ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 2020 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ በሁለቱም 44 ነው፤ 40ው ሙሴ በደብረ ሲና የጾመው፣ ነቢያትም የክርስቶስን መምጣት ተስፋ አድርገው የጾሙት፣ 3ቱ በግብፁ ፓትርያርክ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን የሙቀጠም ተራራ የተነሣበት፣ 1ዱ ገሃድ፣ ማለትም የበዓሉ ዋዜማ ጾም። ይህን ቁጥር ልጆች በጣታቸው እንዲቆጥሩት ማድረግ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው።

ጉባኤው መዋል ያለበት ጾሙ ከገባ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ እሁድ ነው። ከዚያ በፊት ባለው እሁድ ማድረግ የሚፈልጉ ይኖራሉ፤ "አብረን እንቀበለው" ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ሥጋና ቅቤ ያልቆመበት እሁድ ስለሆነ ጉባኤው በአንድ ጊዜ የቅበላ ድግስ ይሆናል፤ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል፤ የጾሙ ነገር ይረሳል። በሥራ ቀን ማድረግም አይሆንም። በጾም የሥራ ቀናት እስከ 9 ሰዓት ይጾማል፤ የሚቀደሰውም ከቀትር በኋላ ስለሆነ ማዕዱ ወደ ማታ ይገፋል፣ ሕፃናት ይተኛሉ፣ የሩቅ ሰው ይመሽበታል። ቅዳሜና እሁድ ግን የጾም ምግብ ቢሆንም ከጠዋት ቅዳሴ በኋላ እህል ይቀመሳል። እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ቅዳሴ ሲያልቅ ሁሉም እዚያው ነው፤ የሚጠራው የለም።

የ2019 ዓ.ም.ን ብናይ ኅዳር 15 ማክሰኞ ይውላል፤ የመጀመሪያው እሁድ ኅዳር 20 ነው። በማግስቱ ኅዳር ጽዮን ናት። ደብሩ የማርያም ከሆነ ወይም ከልጆቹ መካከል የኅዳር ጽዮን ማኅበርተኞች ካሉ፣ በዚያ እሁድ እነሱን ወጥ ቤት ማስቆም አይገባም፤ ካህናቱም ለዋዜማው ስለሚዘጋጁ ጉባኤው ከ6 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በየዓመቱ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ቀኑን ከመቁረጥ በፊት የደብሩን ወርኃዊና ዓመታዊ በዓላት ከአስተዳዳሪው ጋር ማየት፣ ከሰንበቴው ሰብሳቢ ጋርም መነጋገር ግድ ነው፤ የሰንበቴው ተራ በዚያ እሁድ ከዋለ ቤቱም ዕቃውም ተይዟል። ይህ ሁሉ ከሦስት ሳምንት በፊት ማለቅ አለበት።

ስለ ቦታው

ብዙዎች ሁሉንም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በሰንበቴ ቤቱ ለማድረግ ያስባሉ። ለጸሎቱና ለትምህርቱ ከዚያ የሚሻል የለም። ማዕዱን ግን ወደ ሰፈር፣ ወደ ቅሬው (የሰፈሩ ዕድር) አዳራሽ ወይም ሰፊ ግቢ ወዳለው ቤት ማውጣትን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ጎረቤት ነው።

ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በልደት አይለያዩም፤ የሚለያዩት የሥጋ ማዕድ ላይ ብቻ ነው። በየድግሱ ለሙስሊም እንግዳ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል፣ ለብቻ ይቀርባል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። በጾም ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ምስሩ ምስር ነው፤ ሽሮው ሽሮ ነው። በዓመት ውስጥ ክርስቲያን ቤተሰብ ሃይማኖታዊ ማዕዱን ዘርግቶ ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር ከአንድ ትሪ መቁረስ የሚችለው በጾም ቀን ነው። የጾሙን መግቢያ እሁድ ከፋሲካም ከገናም ይልቅ ለጎረቤት የሚመች የሚያደርገው ይህ ነው፤ በወሎ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ሳይጠቀሙበት ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ጥሪው ግልጽ ይሁን። "እሁድ የጾም ማዕድ አለን፤ ሥጋም ቅቤም የለበትም፤ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ከነልጆቻችሁ እንድትገኙልን" ማለት ይበቃል። ለሽማግሌ የሚሄደው ሽማግሌ ነው፤ ለሐጂ ወጣት ልኮ መጥራት ደግ አይደለም። ሰዓቱ እስከ 6 ሰዓት መሆኑም ይጠቅማል፤ ለዙህር ሶላት ሳይቸኩሉ ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይበላሻል፦ ዕቃው። ጾሙ በገባ በቀናት ውስጥ ከየቤቱ የሚሰበሰበው ድስት ቅበላ የተበላበት ነው። በድስቱ ጆሮና በክዳኑ ጠርዝ ላይ የቀረ ቅቤ ለሚጾመው ሰው ቅሬታ ነው፤ ሥጋ የተሠራበት መሆኑ ደግሞ ለሙስሊሙ እንግዳ ልብ አያሳርፍም። ስለዚህ ከቤት ቤት ከመሰብሰብ ከቅሬው መዋስ ይሻላል። ቅሬው የጋራ ሆኖ ዕቃውን ለይቶ የሚያስቀምጥ ከሆነ ሁሉም የሚቀበለው የትኛው እንደሆነ ኃላፊው ያውቃል፤ ጠይቁት። የተዋሳችሁትን ሁሉ ቅዳሜ ሳይሆን ዓርብ በፈላ ውኃና በሳሙና፣ የብረቱን ድስት በአመድ ፈትጋችሁ ፀሐይ ላይ ድፉት። የእንጨት ማማሰያ ቅቤ መጥጦ ይይዛል፤ እሱን አዲስ ግዙ፤ ሦስት ከበቂ በላይ ነው። ከተቻለ ከሙስሊም ጎረቤቶች አንዷ ወጥ ቤት ገብታ አብራ ትሥራ። ያኔ ማንም ምንም አይጠይቅም።

ወጥ ቤቱ

ለ120 ሰው እናስላ፤ 80 አዋቂ፣ 40 ልጅ። እንጀራ ለአዋቂ አንድ ተኩል፣ ለልጅ ሦስት አራተኛ ብንል 150 ይመጣል። 15 መጠባበቂያ ሲታከል 165 ነው። ከአንድ ኪሎ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ጋጋሪዋ እጅ ከ4 እስከ 5 እንጀራ ይወጣል፤ ስለዚህ 40 ኪሎ ዱቄት ያስፈልጋል። ይህን ለአንድ ቤት መስጠት ሰው መጉዳት ነው። ለስምንት ቤት አምስት አምስት ኪሎ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 21 እንጀራ ገደማ ይደርሳል፤ ከዘወትር ጋገራ ብዙም የማይበልጥ ነው። ዱቄቱ ግን ከአንድ ወፍጮ፣ ከአንድ ጤፍ ይውጣ። ስምንት ቤት የየራሱን ይዞ ሲመጣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሠርገኛ፣ አንዱ ማሽላ የተቀላቀለበት ይሆንና ትሪው ላይ የማን ከማን ተሻለ የሚል ንግግር ይነሣል። በገንዘብ አቅም ማሽላ መቀላቀል ካስፈለገ ሁሉም ላይ እኩል ይቀላቀል።

ኅዳር ላይ ብርዱን አትርሱ። በደሴ፣ በወረኢሉ፣ በደላንታ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ሊጡ ቶሎ አይነሣም። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ለሚጋገር ሊጥ ረቡዕ ጠዋት መቡካት አለበት፤ እርሾው ጠንከር፣ አብሲቱ ሞቅ ይበል። ኮምቦልቻና ባቲ ላይ በተቃራኒው ነው፤ ረቡዕ የተቡካ ቅዳሜ እስኪደርስ ከልክ በላይ ይኮመጥጣልና ሐሙስ ማታ ይበቃል። ቅዳሜ ቀዳሚት ሰንበት ስለሆነች ሥራ የማይሠራባት አካባቢ አለ፤ እዚያ ዓርብ ይጋገራል። ደጋ ላይ የዓርብ እንጀራ እስከ እሁድ ችግር የለበትም። ቆላ ላይ ግን ትኩሱን በትኩሱ ላይ ደርድሮ ላስቲክ ማልበስ ሻጋታ መጥራት ነው፤ እያንዳንዱ በሰፌድ ላይ በርዶ ይደርደር፣ በጨርቅም ይሸፈን።

ወጡ ሦስት ዓይነት ይበቃል። ቀይ ምስር 5 ኪሎ፣ አልጫ ክክ 4 ኪሎ፣ ሽሮ 3 ኪሎ። ምስሩን የደላንታ ካገኛችሁ ይመረጣል፤ ግን ከመሠራቱ በፊት ሁለት ጊዜ ይለቀም፤ የውድማ ምስር ጠጠር አያጣውም፤ በአንድ ጠጠር የሽማግሌ ጥርስ ይሰበራል። ለ5 ኪሎ ምስር ከ4 ኪሎ የማያንስ ሽንኩርት፣ ከ500 እስከ 600 ግራም በርበሬ፣ አንድ ሊትር ተኩል ዘይት ያዙ። ለሁሉም ወጥና ለጎመኑ በጠቅላላ 12 ኪሎ ሽንኩርትና 5 ሊትር ዘይት ይሄዳል። በጾም ወጥ ጣዕሙ ያለው ሽንኩርቱ ላይ ነው፤ ቅቤ የሚሸፍነው ጥፋት እዚህ አይሸፈንም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ተቁላልቶ ውኃውን ሲጨርስ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው ገብቶ በትንሽ በትንሹ ትኩስ ውኃ እየተደረገበት ቢያንስ 40 ደቂቃ ይብሰል። ምስሩ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በትልቅ ድግስ የሚሰማው "በርበሬ በርበሬ ይላል" የሚል ቅሬታ የሚመጣው ይህ ሰዓት ሲቆረጥ ነው።

5 ኪሎ ምስር በአንድ ድስት አትሥሩ። ድስቱ ሲሞላ ማማሰያው ታች አይደርስም፤ ታቹ ሲያር ሽታው እስከ ላይ ይወጣል፤ ያኔ ከተማሰለ ሊተርፍ የሚችል ነገር የለም። ሁለት ድስት ላይ ይከፈል። ካረረ ደግሞ አትማስሉት፤ ሳትነኩ የላይኛውን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ። ምስርና ክክ ቅዳሜ ማታ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ትኩስ እያሉ በክዳን ታፍነው ካደሩ ጠዋት አረፋ ያወጣሉ። ክዳናቸው ተከፍቶ፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብሰው ቀዝቃዛ ቦታ ይደሩ። ሽሮ ግን በጭራሽ አይደር። እሁድ ጠዋት መጨረሻ ላይ ይሠራ፤ ቁሌቱ ብቻ ከማታ ይዘጋጅ። ለ3 ኪሎ ሽሮ ከ13 እስከ 15 ሊትር ውኃ ይገባል፤ ሲቀመጥ ስለሚጠነክር ከምትፈልጉት ትንሽ አቅጥኑት።

ጎመን 15 ኪሎ በጥሬው ብዙ ይመስላል፤ በስሎ ግን ይሰበሰባል። ቲማቲም 5 ኪሎና ቃሪያ ለስላጣ፣ አንድ ማሰሮ ስናፍጭ ለሚወደው። ስልጆ የሚያውቅ እጅ ካለ ከሳምንት በፊት ይጀምር፤ ለአዋቂ ማዕድ ከዚያ የበለጠ ማባያ አላውቅም።

ለልጆች በርበሬ የሌለበት ነገር የግድ ነው፤ አልጫ ክኩና የሱፍ ፍትፍት። ሁለት ኪሎ ሱፍ ለ40 ልጅ ይበቃል። ሱፉ እሳት ላይ ሲቆላ ሽታው እንደወጣ ይነሣ፤ ከጠቆረ ወተቱ ይመራል፤ ስኳርም አይመልሰው። ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ ተዘፍዝፎ በጨርቅ ሁለት ጊዜ ይጠለል። እንጀራው የሚቆረሰው ትሪው ሊወጣ ሲል ነው፤ ቀድሞ ከተፈተፈተ ይላቁጣል።

ድፎ ዳቦ አራት፣ እያንዳንዱ በሦስት ኪሎ ዱቄት። አንዱ በ30 ሲቆረስ ሁሉም ይዳረሳል። ዳቦው የሚቀርበው ከቅዳሴ እንደተወጣ ነው፤ ልጆች ከሌሊት ጀምሮ ቆመው ትምህርት ላይ ሲቀመጡ ሆዳቸው ባዶ ከሆነ የሚሰማ የለም። ኮባ ከሌለ የሚጋገርበትን ዕቃ በዘይት ብቻ ቀቡ። ከሱቅ የሚገዛ ብስኩትና ኬክ ግን አታምጡ፤ ብዙ ጊዜ ወተት ወይም እንቁላል አለበት፤ ጽሑፉን ሳያነቡ የገዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ያስፈስካሉ። ዓሣም እንዲሁ ይቅር። ሐይቅ ቅርብ ስለሆነ "ዓሣ እናምጣ" የሚል ይኖራል፤ በየቤቱ ያለው ልምድ ስለሚለያይ ጥያቄው ለንስሐ አባት ይተው እንጂ ማዕድ ላይ አይከራከሩበት።

መጠጡ ቃሪቦ ይሁን። ከገብስ ይሠራል፣ ጌሾ አይገባበትም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠጣዋል፣ ልጅም ይጠጣዋል። 50 ሊትር ይበቃል። እሁድ ጠዋት ይጣራ፤ ተጣርቶ ከቆየ ይኮመጥጣል፤ በቆላ ደግሞ ቶሎ ነው። ጠላ አይቅረብ የምለው ጾም ስለሚከለክለው አይደለም፤ ጠላ ያለበት ጉባኤ 6 ሰዓት ላይ አይበተንም፤ ለሙስሊሙ እንግዳም ሌላ ማዕድ መለየት ይመጣል።

ቡናው ከማዕዱ በኋላ፣ በሰፈሩ ግቢ ነው የሚፈላው። ለአቦሉ አንድ ኪሎ ቡና፣ አራት ጀበና፣ አራት ሴቶች በአራት ጥግ። አንድ ቦታ ብቻ ከተፈላ ሰዉ ወደዚያ ይከማችና የቡናው ደስታ ይጠፋል። ውኃ ለሁሉም ከ15 ጀሪካን አያንስም፤ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ግማሽ ያህሉ ይሄዳል። ቧንቧው እሁድ ይመጣል ብላችሁ አትመኑ፤ ዓርብ ይቀዳ። በየድግሱ የምናየው "ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የሚባለው ግርግር አብዛኛውን ጊዜ መነሻው በርበሬው ሳይሆን ውኃው ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ከሁሉም በላይ የማስቀድመው። ምግብ የሚያበስሉት ሴቶች ቅዳሴ እንዳያመልጣቸው። ወጡ ከማታ ተሠርቶ ካደረ ጠዋት የሚቀረው ሽሮና ማሞቅ ነው፤ ለዚያ ሁለት ሰው ይበቃል፤ እነሱም በዚያ ዕለት በሌላ ምክንያት የማያስቀድሱ ወይም ልንረዳ ብለው የመጡ ሙስሊም ጎረቤቶች ቢሆኑ። ጾሙን እንጀምር ብለን እናቶችን ከቅዳሴ የምናስቀር ከሆነ ጉባኤው ባይኖር ይሻላል። ወንዶቹ ደግሞ ድንኳን መትከል፣ ውኃ መቅዳት፣ ትሪ ማንሣት፣ ዕቃ ማጠብ የእነሱ ነው።

መርሐ ግብሩ

አጭር ይሁን። ከቅዳሴ በኋላ ዳቦው ይታደላል። በመቀጠል ጸሎት፣ ከዚያ አባ ወይም የሚመደበው መምህር 20 ደቂቃ ያስተምራሉ። 20 ደቂቃ ስል 20 ማለቴ ነው። "አባታችን፣ በዚህ ሰዓት ማዕዱ ይቀርባል" ብሎ ቀድሞ በአክብሮት መንገር ነውር የለውም፤ መሃል ላይ ማቋረጥ ነው ነውሩ። የትምህርቱ ፍሬ ነገር አንድ ይሁን፤ ነቢያቱ ምን ጠበቁ? እኛስ እነዚህን 44 ቀናት በቤታችን እንዴት እንጠብቅ? ስለ ምግብ ዝርዝር፣ ስለ ማን ጾመ ማን አልጾመ እዚያ ጉባኤ ላይ አይነሣ። ነፍሰ ጡር አለች፣ የምታጠባ አለች፣ ስኳርና ጨጓራ ያለበት አለ፤ የእነሱ ነገር ከንስሐ አባታቸው ጋር በግል የሚያልቅ ነው።

መዝሙር ይኑር፤ ከበሮም ይመታ። አንዳንዱ ጾም ነው ብሎ ልጆችን ከበሮ ያስጥላል። ከበሮና ጸናጽል የሚቆመው በዐቢይ ጾም ነው፤ በጾመ ነቢያትማ ኅዳር ጽዮንንም ታኅሣሥ ገብርኤልንም በከበሮ እናከብራለን።

ከዚያ የዕለቱ ዋና ሥራ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ነቢይ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አራቱ ዐበይት ነቢያትና አሥራ ሁለቱ ደቂቀ ነቢያት 16 ናቸው፤ ለ16 ቤት ይሆናሉ። ለቀሩት ቤቶች መዝሙረ ዳዊትን በክፍል፣ ኦሪት ዘፍጥረትንና ዘዳግምን መስጠት ነው። በወረቀት ላይ የነቢዩ ስም፣ የምዕራፉ ብዛት፣ በቃል የሚጠና አንድ ጥቅስ ይጻፍ። ለኢሳይያስ 7፥14፣ ለኤርምያስ 23፥5፣ ለሕዝቅኤል 34፥23፣ ለዳንኤል 7፥13፣ ለሆሴዕ 11፥1፣ ለሚክያስ 5፥2፣ ለዘካርያስ 9፥9፣ ለሚልክያስ 3፥1።

ዕጣ ማውጣት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን አይሠራም። ኢሳይያስ 66 ምዕራፍ፣ ኤርምያስ 52 ነው፤ ማንበብ ለማይችሉ ባልና ሚስት ከደረሰ ወረቀቱ ትራስ ሥር ይቀራል። አብድዩ አንድ ምዕራፍ፣ 21 ቁጥር ብቻ ነው፤ ዮናስም አራት ምዕራፍ ሆኖ ታሪክ ነው፤ ሁለቱም ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት የተመቹ ናቸው። ሆሴዕና ዘካርያስ 14፣ 14 ምዕራፍ ስለሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ላለበት ቤት ይሆናሉ። ድልድሉን አባ ቤተሰቡን ስለሚያውቁ እሳቸው ከሳምንት በፊት ይሥሩት። አንባቢ የሌለበት ቤት ከአንባቢ ጋር ይጣመር፤ ጎረቤቱ ልጅ ማታ ማታ መጥቶ ያነብላቸዋል፤ ምርቃቱም ለልጁ ነው።

ንባቡ የሚሰማበት ቀን ካልተቆረጠ ግን ይረሳል። ቀኖቹን ቤተ ክርስቲያን ራሷ አዘጋጅታቸዋለች። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ የሚመጡት ሦስት እሁዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ (እረኛ) ናቸው፤ በ2019 ታኅሣሥ 11፣ 18 እና 25 ይውላሉ። በስብከት "ፈኑ እዴከ እምአርያም"፣ በብርሃን "ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ"፣ በኖላዊ "ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ" ይሰበካል። "እጅህን ከአርያም ላክ፣ ብርሃንህን ላክ፣ የእስራኤል ጠባቂ ሆይ አድምጥ" የሚለው የነቢያት ጩኸት በሦስት ሳምንት ተራ ይሰማል። ወጣቶች ምዕራባውያን ከገና በፊት ባሉት አራት እሁዶች የሚያበሩትን አራት ሻማ በኢንተርኔት አይተው "እኛስ" ሲሉ፣ መልሱ ይህ ነው። ሕዝቅኤልን የያዘው ቤት በኖላዊ ስለ እረኛው ያንብብ፤ ኢሳይያስን የያዘው በብርሃን ምዕራፍ 9ን። በእያንዳንዱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አምስት አምስት ቤት ለሩብ ሰዓት ያህል ቢያቀርብ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ድግስ የለም።

ስለ ወጪው ብዙ አልልም። በጥሬ ገንዘብ መዋጮ መወሰን ድሃውን ያስቀረዋል። በዓይነት ይሁን፤ አንዱ ሽንኩርት፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ እንጨት፣ ያጣ ጉልበቱን። ዝርዝሩን የሚይዘው ሰው ማን ምን እንዳመጣ ለሌላ አይናገር።

ማዕዱ ሲቀርብ ለስድስት ስድስት ሰው አንድ ትሪ፣ በጠቅላላ 20 ትሪ ነው። ከአንድ ቤት የመጡትን አንድ ትሪ ላይ አታስቀምጡ፤ ሊተዋወቁ ነው የመጡት። አስተናጋጆቹ ቤተሰቦቹን የሚያውቁ ይሁኑና አዲስ የገባችውን ተከራይ ከሰፈሩ እናት ጎን፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣውን ልጅ ከአንድ አባወራ ጎን ያስቀምጡት። በደጀ ሰላሙ ያሉ ነዳያን የሚበሉት ከተረፈው አይደለም። ሦስት ትሪ ገና ወጡ ሲወጣ ይነሣላቸው፤ የሚመጡትም አብረው ይቀመጡ። ለታመሙና በእርጅና ከቤት ለማይወጡት የንስሐ ልጆች ደግሞ ክዳን ባለው ዕቃ ይሂድ፤ የሚወስደውም የነቢዩን ወረቀት አብሮ ይውሰድ፤ ቁጭ ብሎም የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያንብብላቸው።

ማሳረጊያው ላይ አባ ይመርቃሉ፤ ሽማግሌዎቹ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በየተራ ይመርቁ። ከዚያ ዕቃው በቁጥር ይመለሳል። ሰኞ ማታ የጉባኤው አስተባባሪዎች ከአባ ጋር ተገናኝተው ያልመጡትን ቤቶች ስም ይያዙ። ከስብከት እሁድ በፊት እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሰው ሊጎበኘው ይገባል፤ ጥያቄው "ለምን ቀራችሁ" ሳይሆን "ደኅና ናችሁ ወይ" ነው። በአጨዳ ምክንያት የቀሩ ብዙ ይሆናሉ፤ ለእነሱም አንድ ነቢይ ይቀመጥላቸው።